ከሚያዝያ 27 በኋላም ጦርነት ነበር



ንግግሬን በጥያቄ ልጀምር። ጣሊያን ከኢትዮጵያ ምድር ተሸንፎ የወጣው መቼ ነው? በዚህ አዳራሽ ካለነው አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.» እንላለን። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በዚያ ቀን ነው፣ በዓሉም የሚከበረው በዚያ ቀን ነው። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ዱክ ዳኦስታ አምባላጌ ላይ ከነጦሩ መሽጎ ተቀምጧል። ጅማ የጣሊያን ባንዲራ ይውለበለብባታል። ደምቢ ዶሎም እንዲሁ። ጎንደር ደግሞ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ከምናምን ቀን ቆይታ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው ነጻ የወጣችው።

ኅዳር 18ን የምናስበው ስንቶቻችን ነን?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እነዚህ የተዘለሉ ዘመቻዎችና በላያቸው ስለበረሩት አውሮፕላኖች ነው። አውሮፕላኖቹን ያለ ምክንያት አላነሣኋቸውም። የ1933ቱ ጦርነት በእግረኛና በግመል፣ በአምባና በገደል የተካሄደ ይምሰል እንጂ፣ ማን ይጠቃል፣ ማን ይከበባል፣ ማን ስንቅ ያገኛል የሚለውን ብዙ ጊዜ የወሰነው ሰማዩን የያዘው ወገን ነበር። በእኛ ትዝታ ግን አውሮፕላን ከ1928ቱ ዘመቻ አልወጣም። መርዝ የሚረጭ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚደበድብ የጠላት መሣሪያ ሆኖ ቀርቷል። ይህ እውነት ነው፣ ሊረሳም አይገባውም። ሆኖም ታሪኩ እዚያ ላይ አላለቀም።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረው፤ ከዚህ የሚበዛው ከቅኝ ግዛቶቹ የተመለመለ አስካሪ ነው። የአየር ኃይሉም ከ300 በላይ አውሮፕላን ነበረው። ቁጥሩ ያስፈራል። አብዛኞቹ ግን ባለ ሦስት ሞተሩ ካፕሮኒ 133ን የመሰሉ ነበሩ፤ መሣሪያ የሌለውን ሕዝብ ለማስፈራራት የሚበቁ፣ ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣባቸው ግን ማምለጫ የሌላቸው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የነዳጅ፣ የጎማና የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ ስዊዝን ዘጋችው፣ ቀይ ባሕርንም ያዘችው። ስለዚህ ሮም ለጦሯ ተዋጊ አውሮፕላን መላክ ብትፈልግ የቀራት መንገድ ሰማይ ብቻ ነበር። ሳቮያ ማርኬቲ 82 የሚባል ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ሊቢያ ላይ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ፊያት ሲ አር 42 ተዋጊ ክንፉ ተፈትቶ ይጫናል፤ ከዚያም እንግሊዝ የያዘችውን አገር አቋርጦ አሥመራ አጠገብ ያራግፈዋል። ሃምሳ ያህል ተዋጊዎች በዚህ ዓይነት ገብተዋል። የማረከውን አገር ይዞ ለመቆየት አውሮፕላንን በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ የሚጭን ግዛት፣ ዕድሜው ስንት እንደቀረው ሳያውቅ የሚቀር አይመስለኝም።

በሌላው ወገን የነበረውም ቢሆን አዲስና ዘመናዊ አልነበረም። እንግሊዝ አዳዲሶቹን አውሮፕላኖቿን ለለንደን ሰማይ ትፈልጋቸው ነበርና ሱዳን የነበሩት ቡድኖች የደረሳቸው ዌልስሊ የሚባለው ቦምብ ጣይ ነው። ይህ አውሮፕላን በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከግብፅ ኢስማኢሊያ ተነሥቶ አውስትራሊያ ዳርዊን ድረስ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ በመብረር የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ጊዜው አልፎበታል፤ አዝጋሚ ነው፣ ለአዳኝ ተዋጊ ቀላል ኢላማ ነው። ቢሆንም ጦርነቱ በታወጀ ማግስት፣ ሰኔ 4 ቀን፣ የምፅዋን የነዳጅ ማከማቻ ያቃጠሉት እነዚሁ ዌልስሊዎች ናቸው። ነዳጅ በማይተካበት ግዛት ውስጥ የአንድ ቀን ቃጠሎ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከደቡብ አፍሪካ የመጡት ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ይዘው መጡ። ከጦርነቱ በፊት የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ መንገደኛ ያመላልስባቸው የነበሩ ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ 86 አውሮፕላኖች ነበሩ። ቦምብ ተንጠለጠለባቸውና ከኬንያ እየተነሡ የሂትለርን ባልንጀራ ይደበድቡ ጀመር። ፋብሪካው ማን እንደሚጠቀምበት አይመርጥም።

አሁን ወደ ከረን ልውሰዳችሁ። ከረን ዛሬ በሌላ አገር ውስጥ ነው፣ ታሪኩ ግን ከእኛ ታሪክ አይነጠልም፤ የአሥመራም የአምባላጌም በር የተከፈተው እዚያ ነውና። ከአቆርዳት ወደ አሥመራ የሚወስደው መንገድና የባቡር ሐዲድ በዶንጎላስ ጠባብ ሸለቆ ያልፋሉ። በግራ ሳንቂል ተራራ፣ በቀኝ የዶሎጎሮዶክ ምሽግ አለ። ጣሊያኖቹ መንገዱን በድንጋይ ናዳ ዘግተው ከላይ ተቀመጡ። ጥር መጨረሻ ላይ ከዚያ የደረሱት የሕንድ 4ኛና በኋላም 5ኛ ክፍለ ጦሮች እስከ መጋቢት 18 ድረስ፣ ከሃምሳ ቀን በላይ፣ በዚያ ገደል ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ከረሙ። ውኃ በሰው ጀርባ ይወጣል፣ ቁስለኛም በሰው ጀርባ ይወርዳል። በእንግሊዝ ወገን ከ500 በላይ ሰው ሞተ፣ ከ3,000 በላይ ቆሰለ። በጣሊያን ወገን የሞተው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጄኔራል ሎሬንሲኒም እዚያው ወደቀ።

ስለ ከረን ሲወራ ብዙ ጊዜ ተራራው ብቻ ይወራል። ነገር ግን ሰማዩ በሳምንታት ውስጥ ባለቤቱን ለውጧል። መጀመሪያ ላይ ሲ አር 42ቶች የፈለጉትን ያደርጉ ነበር። ከሁሉ የታወቀው አብራሪ ማሪዮ ቪሲንቲኒ በዚያ ጦርነት በባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ ከበረሩት ሁሉ ብዙ አውሮፕላን የጣለ ሰው ነው። እሱን የገደለው ግን ጠላት አልነበረም። የካቲት 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ጓደኞቹ በደመና ምክንያት ሌላ ቦታ አርፈው ቀሩ። ሊፈልጋቸው ተነሥቶ በነፋሲት በኩል ያለው የቢዘን ተራራ ጎን ላይ ተከሰከሰ። ገዳሙን የምታውቁ ሰዎች፣ ጉሙ እንዴት በድንገት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እሱ ከሞተ በኋላ ሐሪኬን የተባሉት የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች እየበዙ መጡ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደግሞ በየማኮብኮቢያው ላይ እንደቆሙ ይቃጠሉ ጀመር።

ከሰማይ የወረደው ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ ወረቀትም ነበር። በ1928 የጣሊያንን ወረራ ለታይምስ ጋዜጣ የዘገበው ጆርጅ ስቲር ካርቱም ላይ የፕሮፓጋንዳ ክፍል አቋቁሞ የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅና «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። አውሮፕላኖቹ ይህን በጣሊያን ምሽግ ላይ ይበትኑታል። ብዙ አስካሪዎች ከከረን ግንባር እየከዱ ሲመጡ ወረቀቱ በእጃቸው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ከሰማይ መርዝ ሲወርድበት የከረመ ሕዝብ፣ አሁን ከዚያው ሰማይ በገዛ ፊደሉ የተጻፈ የንጉሡን ቃል ሲያነሣ ምን እንደተሰማው ማሰብ እንኳ ይከብዳል። በእኔ ግምት ከረን ላይ ከተጣሉት ቦምቦች ከብዙዎቹ ይልቅ ይህ ወረቀት ሠርቷል።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጎጃም ላይ የሆነውን ደግሞ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና።

እንግሊዛውያኑን መኮንኖች ሳንፎርድንና ዊንጌትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቢያንስ በትምህርት ቤቶቹ ስም። ኮሎኔል ሳንፎርድ በነሐሴ 1932 ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ገባና ከአርበኞቹ ጋር ተገናኘ። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የመሩት የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ማንም ረዳት ሲዋጋ ቆይቷል። ኦርድ ዊንጌት በበኩሉ ካርቱም ሆኖ ዕቅድ ያወጣል፤ ነገር ግን ከሳንፎርድ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ነበረበት። በእግርና በበቅሎ ከሄደ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በቪንሰንት አውሮፕላን ተሳፍሮ ጣሊያን በያዘው አገር ላይ በረረና ሰከላ ውስጥ ፋጉታ በተባለ ቦታ አረፈ። ቪንሰንት ክፍት መቀመጫ ያላት፣ ሸራ የለበሰች፣ ድርብ ክንፍ አሮጌ አውሮፕላን ናት። ማኮብኮቢያውም ከተራራ ጎን በችኮላ የተደለደለ ሜዳ ነው። አንድ የጣሊያን ተዋጊ በዚያ ሰዓት በዚያ አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ጎማዋ አንድ ድንጋይ ገጭቶ ቢሆን ኖሮ፣ የጎጃም ዘመቻ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ የሚገቡበት ዕቅድ የተጠናከረው በዚያ ስብሰባ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን፣ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ።

ጌዴዎን ጦር የተባለው የዊንጌት ኃይል ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ሰው ነበረው፤ ሱዳናውያን ወታደሮችና በስደት ካሉ ኢትዮጵያውያን የተመለመለ ሻለቃ። ከአሥር ሺህ በላይ ግመል ስንቅ ተሸክሞ ተነሣ፤ የቆላ እንስሳ ነውና ደጋው ጨረሰው። በረሃው ዳር እስከ ሸንተረሩ ድረስ መንገዱን የሞቱት ግመሎች ሽታ ይመራ ነበር ይባላል። ይህ ጦር ከአውሮፕላን ያገኘው ድጋፍ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ዊንጌትም በዚህ ነገር አለቆቹን ሲወቅስ ኖሯል። ቡሬን፣ ደንበጫንና ደብረ ማርቆስን ያስለቀቀው በአብዛኛው ሌሊት፣ በማደናገርና በየገጠሩ በተነሣው አርበኛ ኃይል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡትና ከደቡብ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው በአንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 28።

ከደቡብ የመጣው ጦር ነገር ራሱን የቻለ ዲስኩር ይወጣዋል። ደቡብ አፍሪካውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ ጎልድ ኮስት ይባል ከነበረው ከዛሬዋ ጋና የመጡ ወታደሮች፣ ምሥራቅ አፍሪካውያን በአንድነት ከኬንያ ተነሡ፤ ግንባር ቀደሙ ጦር በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋ፣ በሐረር አድርጎ በሁለት ወር ገደማ አዲስ አበባ ደረሰ። እኔ ከዚያ ሁሉ የምመርጥላችሁ አንዲት ትንሽ ክንውን ናት። መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሐሪኬኖች የድሬዳዋን ማኮብኮቢያ መቱ። የቡድኑ አለቃ ሻምበል ጆን ፍሮስት አውሮፕላኑ ተመታበትና እዚያው ጠላት ሜዳ ላይ አወረዳት። ሮበርት ከርሾ የተባለ መቶ አለቃ ከላይ ሆኖ አየው። ሐሪኬን አንድ መቀመጫ ብቻ ነው ያላት። ከርሾ ጥይት እየተተኮሰበት አረፈ፤ ሁለቱ አንዱ በሌላው ጭን ላይ ተቀምጠው፣ መሪውንና ፔዳሉን ተከፋፍለው ተነሡ። ድሬዳዋ ስንቴ ሄጃለሁ፤ ይህን ታሪክ የሚያወራኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

የቤልጅየም ኮንጎ ወታደሮችንም በአጭሩ ላንሣ። ከዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ተነሥተው፣ የሱዳንን ረግረግ ተሻግረው አሶሳንና ጋምቤላን ያዙ። ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ደምቢ ዶሎ ላይ ጣሊያናዊው ጄኔራል ጋዜራ ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር እጁን የሰጠው ለእነርሱ ነው። የአፍሪካ ልጆች በወለጋ ምድር የአውሮፓ ጦር ሲማርኩ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ምን ትርጉም ይሰጥ እንደነበር አስቡት። በአገራችን በኮንጎዊ ወታደር ስም የተሰየመ ነገር ግን አላውቅም።

ጎንደር ላይ ስንደርስ ነገሩ ወደ ማብቂያው ነው። ግንቦት ላይ አምባላጌ ወድቆ ዱክ ዳኦስታ ተማረከ፤ በቀጣዩ ዓመትም ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ሞተ። አጅባር ላይም በሺህ የሚቆጠር ጦር ለዊንጌት እጁን ሰጠ። የቀረው ጎንደርን የያዘው ጣሊያናዊው ጄኔራል ናሲ ነው። ወልቅፊትን፣ ቁልቋል በርንና አዘዞን በዙሪያው እንደ አጥር ይዞ፣ ዝናቡን ተገን አድርጎ ክረምቱን አሳለፈ። ወልቅፊት መስከረም ላይ እጅ ሰጠ፤ በዚያ ግንባር ራስ አያሌው ብሩና አርበኞቻቸው ነበሩ። ለናሲ ከሦስት መቶው አውሮፕላን የተረፉለት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከተዋጊዎቹም ወደ መጨረሻው የምትበር አንዲት ሲ አር 42 ብቻ ቀረች።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የተባለ ጣሊያናዊ አብራሪ በሲ አር 42 ወጣ። የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተር አብራሪ አግኝቶ ጣለው። ግላዲያተርም ራሷ ድርብ ክንፍ አሮጌ አውሮፕላን ናት። በዓለም ሌላ ዳር አብራሪዎች በስፒትፋየርና በመሰርሽሚት ሲጋጠሙ፣ ጎንደር ላይ ሁለት ባለፈው ዘመን የተሠሩ አውሮፕላኖች የመጨረሻ ፍልሚያቸውን አደረጉ። በማግስቱ ደቡብ አፍሪካውያኑ ለሟቹ ጀግንነት ያላቸውን አክብሮት የሚገልጽ ወረቀት ጣሊያን ምሽግ ላይ ጣሉ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ከደስታው ጋር ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ጀግና ሲባባሉ፣ ከታች ሜዳው ላይ ስሙን የሚጠራው የሌለ አስካሪና አርበኛ ይወድቅ ነበር።

ቁልቋል በር የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። በማግስቱ የቀረችው ሲ አር 42 መጥታ የተያዘውን ምሽግ ተኩሳ አንድ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ገደለች፤ የጣሊያን አየር ኃይል በምሥራቅ አፍሪካ ያደረገው የመጨረሻ በረራ ያ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ጎንደር ተለቀቀች። አርበኞቹም ገብተዋል።

አሁን «ታዲያ ለምን ተረሳ?» ብትሉኝ መልሱ አንድ አይደለም። እንግሊዞች ሌላ ጭንቀት ነበራቸው፤ ከረን ላይ ውጊያው በጦፈበት ሳምንት የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ትሪፖሊ ደርሷል፣ ከረንን የሰበረው 4ኛ የሕንድ ክፍለ ጦርም ወዲያው ወደ ግብፅ ተጠራ። ሕንዶች በቅኝ ገዥ ባንዲራ ሥር የሞቱ ልጆቻቸውን ነጻነት ካገኙ በኋላ ማንሣት አልቀናቸውም። ጣሊያኖች ሽንፈታቸውን አያወሩም። ናይጄሪያውያኑንና ኮንጎዎቹን የሚጠይቃቸው የለም። ውጤቱ ግን ትልቅ ነበር፤ ምፅዋ ከተያዘች በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦር ቀጣና አይደለም ብለው በማወጃቸው የአሜሪካ መርከቦች እስከ ስዊዝ ዕቃ ማመላለስ ጀመሩ።

እኛስ? እኛ የተከራከርነው በቀን ላይ ነው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ በኋላም ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ ሁለተኛው ንጉሡ የገቡበት ነው። ሁለቱም የአዲስ አበባ ቀኖች ናቸው። በሁለቱም ቀን ጎንደሬው፣ ጅማው፣ ወለጋው ገና ቦምብ ይወርድበት ነበር። ክርክራችን ቤተ መንግሥቱ መቼ ተያዘ በሚለው ላይ እንጂ፣ ምድሩ መቼ ነጻ ወጣ በሚለው ላይ አልነበረም። በዚህ ጉዳይ በዓሉን ያዞረውም የመለሰውም መንግሥት ተመሳሳይ ስሕተት ሠርተዋል ባይ ነኝ።

ጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ»ን መለሰችልን። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ወራሪው ወስዷት ነበር፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ ጣሊያን ውስጥ ኖራለች። ስትመለስ የሁላችንም ልብ ሞቀ፣ ተገቢም ነው። ሆኖም ስለ አንዲት አውሮፕላን ይህን ያህል ከተደሰትን፣ በላያችን ስለበረሩት መቶዎች፣ ስላወረዱት ቦምብና ወረቀት፣ ስላረፉበት ሜዳ መጠየቅም ይገባናል። ፋጉታ የት ጋ ነው? ሜዳው ዛሬ የማን ማሳ ነው? አዘዞ የትኛው ጎን ላይ ነበሩ ፊያቶቹ የሚቆሙት? ይህን የሚያውቁ ሰዎች እያለቁብን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፤ በተለይ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወለጋና ጅማ ዘመድ ላላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ አያቶቻችሁን ስለ አውሮፕላን ጠይቋቸው፤ ከአባታቸው የሰሙትም ቢሆን ይሆናል። ሲናገሩ ቅረጹ። የቦታውን ስም፣ ወሩን፣ የትኛው በዓል ሰሞን እንደነበረ ጻፉ፤ በበዓል የተጠቀሰ ቀን በኋላ ሊሰላ ይችላል። ታሪክ ክፍል ያላችሁ መምህራንም ኅዳር 18 ሲደርስ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን ጎንደር ዙሪያ ይዛችሁ ውጡ፤ ቁልቋል በር ላይ ቁሙ። መንገዱ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ የሚያልፉበት ነው።